የሥራ እርካታ በምን ይመዘናል?

ሰው በሥራው ደስ ተሰኝቶ እንደ ሆነ ለማወቅ፥ ጥያቄ በወረቀት ጽፎ መልሱን በቍጥር መሰብሰብ ዛሬ በዓለም ሁሉ የተለመደ ሆኗል። ነገር ግን የአንዱን ሕዝብ መልስ ከሌላው ጋራ አስተያይቶ፥ ይህ ረክቷል ያኛው አልረካም ብሎ ከመፍረድ በፊት ቃሉንና ልማዱን መመርመር ይገባል።

ለምሳሌ በጫሞ ሐይቅ ዓሣ የሚያጠምደውን ሰው እንመልከት። አዞ በሚበዛበት ውሃ ላይ ሲደክም ውሎ ማታ «ሥራ እንዴት ነው?» ቢሉት «ተመስገን» ይላል። ይህ ቃል ለፈጣሪ ምስጋና ለጠያቂውም አክብሮት ነው እንጂ፥ ስለ ድካሙና ስለ ገቢው የተሰጠ ምስክርነት አይደለም። ጠያቂው «እጅግ ረክቷል» ብሎ 5 ቍጥር ቢጽፍለት፥ መረቡ ያረጀበትን ሰው ችግሩን ሸሸገበት ማለት ነው።

ቃሉም እንደ ቋንቋው ይለያያል። በአማርኛ ረካ የሚባለው በመጀመሪያ ጠጥቶ ጥሙን የቈረጠ ሰው ነው፤ እንግሊዞች ለእርካታ የሚናገሩት ቃል ግን ከላቲን የመጣ ሆኖ ትርጓሜው «በቂ ማድረግ» ነው። ጋምኛም ከሁለቱ የተለየ የኦሞ ወገን ቋንቋ ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጥያቄ በአማርኛ ተተርጕሞ፥ ደግሞ በቃል በጋምኛ ሲነገር በመንገድ ላይ ብዙ ይለወጣል።

ከቃል ይልቅ ደግሞ የልማድ ልዩነት ይበረታል። ከአርባ ምንጭ በላይ በደጋው የሚኖረው የዶርዜ ሸማኔ በአገሩ በሙያው የተከበረ ነው። በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ግን ሸማኔ ይናቅ ስለ ነበር፥ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ። በጋሞም ቢሆን ሸክላ ሠሪውና ቆዳ አልፊው ይናቁ ነበር። እንግዲህ ሁለት ሸማኔዎች አንድ ዓይነት ሸማ ሠርተው አንድ ዓይነት ዋጋ ቢቀበሉ እንኳ፥ የልባቸው ደስታ እንደ ጎረቤታቸው አስተያየት ይለያያል።

ሆፍስቴድ የተባለው የሆላንድ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1967 እስከ 1973 ከተሰበሰቡ ከ100 ሺህ በላይ የአንድ ኩባንያ ሠራተኞች መልሶች የሕዝቦችን ጠባይ አስተያየ፤ ኢትዮጵያንም ከኬንያ፥ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ ጋራ በአንድ ቍጥር ደመራት። ትጋቱ ቢመሰገንም፥ በአንዲት አገር ውስጥ እንኳ ስለ ሸማኔው የሚለያየው ልብ በዚህ ቍጥር አይገለጥም።

መድኃኒቱ አስቸጋሪ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970 ብሪስሊን የተባለ ሊቅ እንደ መከረው፥ የተተረጐመውን ጥያቄ ሌላ ሰው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ መልሶ ይተርጕመውና ሁለቱ ይመዛዘኑ። ደግሞም «ረክተሃልን?» ከማለት ይልቅ ስለ ደመወዙ፥ ስለ ዕረፍቱ፥ ስለ አለቃው፥ ስለሚያሠጋውም ነገር ለየብቻ መጠየቅ ይሻላል። ለሠራተኛ የሚታሰበው ሁሉ በዚህ ቍጥር የሚወሰን ከሆነ፥ ትሕትናውን እንደ ጥጋብ ቈጥሮ ከድርሻው ማጕደል ታላቅ በደል ነው።