የደለል ውስጥ አዳኞች፦ ጥርስ ስለ ዝምድና ምን ይነግረናል?

የባሕር አዳኝ ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ሻርክ ነው። ይሁን እንጂ ከባሕር ወለል በተዘገነ አንድ እፍኝ ደለል ውስጥ፣ ርዝመታቸው ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሚሊሜትር የማይበልጥ አዳኞች ይገኛሉ። እነዚህም ኔማቶድ የሚባሉት ድቡልቡል ትሎች ሲሆኑ፣ በአገራችን በሚገባ የሚታወቀው ወስፋት የሩቅ ዘመዳቸው ነው።

ኔማቶድ አጥንት የለውም። የአካሉ ግድግዳ ጡንቻዎችም ከራስ እስከ ጅራት የተዘረጉ ብቻ ናቸው። ቅርፁን የሚጠብቅለት በጠንካራ ሽፋኑ ውስጥ የታመቀው ፈሳሽ ግፊት ነው። ሃሪስና ክሮፍተን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጡት ጥናት፣ በወስፋት ውስጥ የለኩት ግፊት በአማካይ 70 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነበር፤ ይህም ከከባቢ አየር ግፊት አንድ አሥረኛ ይጠጋል። እንዲህ ያለ ግፊት አንጀትን ስለሚጨፈልቅ፣ ምግብ ወደ ውስጥ የሚገባው በፓምፕ ኃይል ነው። ፓምፑም ጡንቻማው ጉሮሮ ነው፤ ጡንቻው ሲኮማተር ባለ ሦስት ማዕዘኑ ቧንቧ ይከፈትና ምግቡን ይስባል።

የአዳኞቹ መሣሪያ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ኦንኮላይመስ በሰፊው አፉ ውስጥ ሦስት ጥርሶች አሉት፤ አንዱ በጀርባ በኩል፣ ሁለቱ በሆድ በኩል ግራና ቀኝ። ስፌሮላይመስ ደግሞ በርሜል በሚመስለው አፉ ሌሎች ትሎችን እንዳሉ ይውጣል።

ቮልፍጋንግ ቪዘር እ.ኤ.አ. በ1953 የባሕር ኔማቶዶችን በአፋቸው ቅርፅ በአራት የአመጋገብ ምድቦች ከፈላቸው፤ ትልልቅ ጥርስ ያላቸውም ከአዳኞች ተመደቡ። ሙንስና ቪንክስ ግን እ.ኤ.አ. በ1997 በሕይወት ያሉትን ትሎች ሲመገቡ ተመልክተው ምድቡን አሻሻሉት፤ የኦንኮላይመስ ወገኖች ከማደን ሌላ የሞተ እንስሳም ይበላሉና።

ጥርስ ስለ ምግብ እንኳ ሙሉውን ካልነገረን፣ ስለ ዝምድና ምን ያህል ሊነግረን ይችላል? ዲኤንኤ ላይ የተመሠረተው አዲሱ አመዳደብ ኔማቶዶችን ኢኖፕሊያና ክሮማዶሪያ በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ክፍሎች ያስቀምጣል። ኦንኮላይመስ በመጀመሪያው፣ ስፌሮላይመስ በሁለተኛው ውስጥ ይገኛሉ። አዳኝነት እንግዲህ በተለያዩ የዘር ሐረጎች ለየብቻው የተገኘ ሙያ ነው። ሁለት ሸማኔዎች አንድ ሙያ ስላላቸው ብቻ ወንድማማቾች እንደማይባሉ ሁሉ፣ ሁለት አዳኝ ትሎችም የግድ የቅርብ ዘመዳሞች አይደሉም።

ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመመደባችን በፊት የምንጠይቀው ምን እንደሚሠራ ነው ወይስ ከማን እንደተወለደ፣ ይህን አስቀድመን ልንለይ ይገባናል።