ስለ «ተከታታይ አስማሚ» እና ስለ ተዛማጅ ስያሜዎች

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአነስተኛ የፕላስቲክና የብረታ ብረት ወርክሾፖች ጀምሮ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በረጲ እስከ ተመረቀው ከደረቅ ቆሻሻ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ድረስ ልዩ ልዩ የኢንዱስትሪ ሥራዎች ይገኛሉ። የዛሬ የፋብሪካ መኪና ደግሞ ትንሽም ሆነ ትልቅ በውስጡ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ አያጣም። ቦርዱ ሲታወክ ባለሙያው የሚይዘው መሣሪያ በኪስ የሚገባ ነው፤ በአንድ ወገን ከላፕቶፕ የዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ ይሰካል፣ በሌላው ወገን ሁለት፣ አራት ወይም ስምንት መውጫ ኖሮት ከየቦርዱ ጋር ይያያዛል፤ ቦርዶቹ የሚናገሩትንም በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ ያሳያል። የመሣሪያው ጥቅም ግልጽ ሲሆን የአማርኛ ስሙ ግን ግልጽ አይደለም። ከጠጋኞች አፍ የምንሰማው «ኮንቨርተር»፣ «ሲሪያል ኬብል»፣ አንዳንዴም «አዳፕተር» የሚለውን ነው። መመሪያ የሚተረጉም ሰው ግን አንዱን መምረጥ አለበት፤ ምርጫውም፣ ከዚህ በታች እንደምናሳየው፣ ቦርድ እስከ ማቃጠል የሚደርስ ውጤት አለው።

በመጀመሪያ «አዳፕተር» የሚለውን እንይ። ቃሉ በከተማው ሕዝብ ዘንድ ሥራ ይዟል፤ ከግድግዳ ሶኬት የሚመጣውን ኃይል ለላፕቶፕ ወይም ለራውተር ወደሚስማማ ዝቅተኛ ቮልት የሚለውጠው ዕቃ አዳፕተር ነው። ስለዚህ «አዳፕተሩን ከቦርዱ ጋር አገናኝ» ተብሎ ቢጻፍ አንባቢው ኃይል ስጥ እንደ ተባለ ይረዳል። «መለወጫ» እና «ቀያሪ» ከዚሁ ችግር አያመልጡም፤ የኃይል መለወጫም አለና። እኛ የምንመርጠው «አስማሚ» የሚለውን ነው። ከ«ተስማማ» የወጣ፣ ለጆሮ እንግዳ ያልሆነ፣ ሁለት የማይግባቡ ወገኖችን ማቀራረብን የሚያመለክት ነው። መሣሪያው የሚሠራውም ይህንኑ ነው፤ ኮምፒዩተሩ በዩኤስቢ ሥርዓት ይናገራል፣ ቦርዱ በአሮጌው ሥርዓት ይመልሳል፣ በመካከል ያለችው ትንሽ ቺፕ ታስማማቸዋለች።

«ሲሪያል» የበለጠ ያስቸግራል። «ትይዩ» እና «ተከታታይ» የሚሉት ጥንድ ቃላት ለፓራለልና ለሲሪያል መስጠታቸው በራሱ መልካም ነው፤ ስምንት ቢት በስምንት ሽቦ ጎን ለጎን ሲሄድ ትይዩ፣ በአንድ ሽቦ አንዱ ከሌላው ኋላ ሲሄድ ተከታታይ። ዳሩ ግን እነዚሁ ጥንድ ቃላት በኤሌክትሪክ ትምህርት ሌላ ቦታ ይዘው ቆይተዋል። ሁለት ባትሪ «በተከታታይ» ሲያያዝ ቮልቱ ይደመራል፣ «በትይዩ» ሲያያዝ ቮልቱ ባለበት ይቆያል። እንግዲህ «መሣሪያውን ከቦርዱ ጋር በተከታታይ አገናኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ያነበበ የቴክኒክና ሙያ ተማሪ የተማረውን አስታውሶ አስማሚውን በኃይል መስመሩ መካከል ቢያስገባ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። በዚህ ላይ «ተከታታይ ቁጥር» አለ፤ ኮምፒዩተሩ ብዙ አስማሚዎችን የሚለያቸው በየራሳቸው ተከታታይ ቁጥር ስለሆነ «የተከታታይ አስማሚው ተከታታይ ቁጥር» የሚል ሐረግ ይፈጠራል። የቴሌቪዥኑን ተከታታይ ድራማ ሳንቆጥር ማለት ነው።

መፍትሔው አዲስ ቃል መፍጠር አይመስለንም። ቅጽሉን ያለ ስም ብቻውን አለመተው ይበቃል፤ «ተከታታይ ልውውጥ» ሲባል የመልእክት ነው፣ «በተከታታይ ማያያዝ» ሲባል የኤሌክትሪክ ነው። መሣሪያውም በሙሉ ስሙ «ከዩኤስቢ ወደ ተከታታይ ልውውጥ አስማሚ»፣ ስሙ አንድ ጊዜ ከተጠራ በኋላ ደግሞ «አስማሚ» ቢባል ይበቃል። በነገራችን ላይ የእንግሊዝኛው ስያሜም እንከን አያጣም፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1996 የወጣው ዩኤስቢ ራሱ በስሙ መካከል «ሲሪያል» የሚለውን ቃል ይዟል፤ ስለዚህ «ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል» ማለት በጥብቅ ሲታይ ከተከታታይ ወደ ተከታታይ ማለት ነው። ዩኤስቢን ቃል በቃል ለመተርጎም የሚነሣ ካለም መጨረሻ ላይ ከአውቶቡስ ጋር ስለሚጋጭ ባይደክም ይሻላል።

«ባለ ብዙ ቻናል» የሚለውን «ባለ ብዙ መስመር» ብሎ መተርጎም በመጀመሪያ እይታ የሚያምር ነው። ነገር ግን አንድ ቻናል ብቻ ያለው ተራ አስማሚ አራት ሽቦዎች ሊኖሩት ይችላል፤ የኃይል፣ የላኪ፣ የተቀባይ፣ የምድር። ስለዚህ «ባለ አራት መስመር አስማሚ» ተብሎ የተጻፈለት ገዢ አራት ቦርድ አዳምጣለሁ ብሎ አንዱን ብቻ ሊያዳምጥ ይችላል። በእርግጥ አራት ቻናል ያለው፣ ለምሳሌ ኤፍቲ4232ኤች በተባለችው ቺፕ የተሠራው፣ በአንድ የዩኤስቢ ገመድ አራት ራሳቸውን የቻሉ መገናኛዎችን ይሰጣል። የዚህም ጥቅም ቁጠባ ብቻ አይደለም። በአርኤስ-232 የሚነጋገሩ ሁለት መሣሪያዎችን ጣልቃ ሳይገቡ ለመስማት ሁለት ተቀባይ ያስፈልጋል፣ ለእያንዳንዱ አቅጣጫ አንድ፤ ማን ቀድሞ ተናገረ፣ ማን ሳይመልስ ቀረ የሚለው የሚታወቀው ሁለቱ ሲነጻጸሩ ነውና። «ቦይ» የሚለውን ቃል የሚያቀርቡ አሉ፤ ቦይ ግን በሰው አእምሮ ወደ አንድ ወገን ብቻ ይፈሳል። «ቻናል» በቴሌቪዥን ምክንያት በየቤቱ የገባ ስለሆነ እንዳለ እንዲቆይ እንፈርዳለን።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ እንመጣለን፤ ይኸውም «ደረጃ» ነው። በአማርኛ «ደረጃ» ለሁለት የተለያዩ ነገሮች ያገለግላል። አንደኛው ስታንዳርድ ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ስታንዳርዶች ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት ቀድሞ የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኤጀንሲ ይባል እንደ ነበር ልብ ይሏል። ሁለተኛው የመጠን ከፍታ ነው፣ የውሃ ደረጃ፣ የቮልት ደረጃ እንደሚባለው። «አስማሚው የአርኤስ-232 ደረጃ አለው» ሲባል የትኛው ነው? እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው በዚህ ስታንዳርድ መሠረት በሽቦው ላይ የሚታየው ቮልት ከ3 እስከ 15 ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ ነው። በቦርዱ ላይ ያለችው ቺፕ ግን በ3.3 ወይም በ5 ቮልት የምትሠራ፣ ኔጋቲቭን ጨርሶ የማታውቅ ናት፤ የአንድና የዜሮ ትርጉምም በሁለቱ ዘንድ የተገለባበጠ ነው። ሁለቱም «ተከታታይ» ናቸው፣ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ፕሮግራም ይነበባሉ፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ከሁለተኛው ጋር ያለ አስማሚ ያገናኘ ሰው ቺፗን ሊያቃጥላት ይችላል። ስለዚህ ለስታንዳርድ «ስታንዳርድ» ወይም «መስፈርት»፣ ለቮልት ከፍታ «እርከን» እንዲባልና «ደረጃ» ከዚህ ሙያ ጽሑፍ ፈጽሞ እንዲወጣ አጥብቀን እናሳስባለን። «የቮልት እርከኑ 3.3 ነው» የሚለውን ማንም አይስተውም።

«ላኪ» እና «ተቀባይ» ራሳቸውን የገለጹ ቃላት ናቸው። ተርጓሚው ሊጨምርባቸው የሚገባው የማን ላኪ እንደሆነ ብቻ ነው፤ የአንዱ ላኪ ከሌላው ተቀባይ ጋር እንጂ ላኪ ከላኪ ጋር አይገናኝም።

በፋብሪካ ውስጥ ብዙ መሣሪያዎች በአንድ ጥንድ ሽቦ እየተጋሩ በሚነጋገሩበት በአርኤስ-485 ላይ እ.ኤ.አ. በ1979 ሞዲኮን ያወጣው ሞድባስ የተባለው የመነጋገሪያ ሥርዓት በሰፊው ይሠራበታል። በዚህ ሥርዓት አንዱ መሣሪያ ይጠይቃል፣ ሌሎቹ ሲጠየቁ ብቻ ይመልሳሉ። በእንግሊዝኛ ለረዥም ጊዜ «ማስተር» እና «ስሌቭ» ሲባሉ ስለ ቆዩ «ጌታ» እና «ባሪያ» ብሎ ለመተርጎም የሚቃጣው አይጠፋም። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ በተሻረበት፣ ቃሉ ግን እስከ ዛሬ በሰው ላይ የሚወረወር ስድብ ሆኖ በቀረበት አገር ይህን በትምህርት መጽሐፍ ላይ ማስፈር ነውር ነው። የሞድባስ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2020 ስያሜውን ወደ «ክላየንት» እና «ሰርቨር» ለውጦታል። ሆኖም «ደንበኛ» እና «አገልጋይ» የሚለው የኮምፒዩተር ትርጉም እዚህ አያዋጣም፤ አንባቢው አዛዡን አገልጋይ ብሎ ይገምታልና፣ በሞድባስ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። «ጠያቂ» እና «መላሽ» ብንል ከስሜቱም ከአሠራሩም ጋር ይስማማል።

«ዲባግ» ጥገና አይደለም። ጥገና በብየዳ ብረት ይሠራል፤ ይህ ግን በማዳመጥና በማነጻጸር የሚሠራ ፍለጋ ነው። «ስሕተቱን ነቅሶ አወጣ» የሚል አነጋገር ስላለን «ሳንካ ነቀሳ» የሚለውን እናቀርባለን። ከንቅሳት ጋር መቀራረቡን የሚነቅፉ አሉ፤ «ሳንካ» አጠገቡ እስከ ቆመ ድረስ ግን የሚሳሳት አይኖርም።

በመጨረሻ «ባውድ» አለ፤ ከፈረንሳዊው የቴሌግራፍ ሰው ከኤሚል ቦዶ ስም የወጣ መለኪያ ነው። «ፍጥነት» ብሎ መተርጎሙ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በፋብሪካ «ፍጥነት» የሞተር ነው። የሞተር መቆጣጠሪያ ለሚያስተካክል ሠራተኛ «ፍጥነቱን 9600 አድርግ» ብሎ መጻፍ አይገባም፤ «ባውዱን 9600 አድርግ» ይባል።