ለእስስት የሚስማማ ቤት እንዴት ይሠራል?

ባለፈው ሴሚስተር ከሠልጣኝ ጓደኞቻችን አንዱ ለማስተማሪያ ይሆነኛል ብሎ አጥር ላይ ያገኛትን እስስት በትልቅ የማር ጠርሙስ አድርጎ ወደ ክፍል አመጣ። ክዳኑን በምስማር በስቷል፤ ቅጠል ጨምሯል፤ ዝንብ አስገብቶላታል፤ በትንሽ ቆርኪ ውኃም አኑሮላታል። በአምስተኛው ቀን ሞተች። «ምግብ አለ፣ ውኃ አለ፣ አየር ይገባል፤ ታዲያ ምን ሆና ነው?» የሚለው ጥያቄ የሥነ ሕይወት ክበባችንን አባላት ብዙ አከራከረ። መጻሕፍት አገላብጠን፣ መምህራንንም ጠይቀን የደረስንበትን እዚህ አቅርበናል። ነገ በየገጠሩ ት/ቤት ስንመደብ አንድ ሕፃን በቆርቆሮ ይዞ «ቲቸር፣ ይችን ይዩልኝ» ማለቱ አይቀርምና ነገሩ የሁላችንም ነው።

በመጀመሪያ ስለ ውኃው እንናገር፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። እስስት የዛፍና የቁጥቋጦ እንስሳ ናት። የምትጠጣው በቅጠል ላይ የሚንጠለጠለውን የጤዛና የዝናብ ጠብታ እየላሰች ነው። ዐይኗን የሚስበው የሚያብለጨልጭና የሚንቀሳቀስ ጠብታ ስለሆነ፣ በሳህን የተኛ ውኃ አጠገቧ ቢቀመጥም ብዙውን ጊዜ ውኃ መሆኑን አታውቀውም። ያቺ የጓደኛችን እስስት ውኃ አጠገቧ እያለ ተጠምታ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛው ጠንቅ መስተዋቱ ራሱ ነው። ፀሐይ ያገኘው ጠርሙስ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንደ ምድጃ ይግላል። እስስት ደግሞ የሰውነቷን ሙቀት የምታስተካክለው ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ በመዘዋወር ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ ወዴት ትሂድ? በዚህም ላይ አጥንቷን የሚያጠነክረውን ቫይታሚን ዲ ለመሥራት የሚያስፈልጋት አልትራቫዮሌት ጨረር ተራውን መስተዋት አያልፍም። መስኮት ሥር ማስቀመጥም ስለዚህ መፍትሔ አይሆንም፤ ብርሃኑ ይገባል፣ ጨረሩ ግን ውጭ ይቀራል።

እንግዲህ ቤቱ በወንፊት ሽቦ የተሠራ መሆን አለበት። በውጭ አገር በቤት ውስጥ በብዛት የምትረባው የየመንና የሳዑዲ ዓረብያ እስስት ስትሆን፣ ለአንዲት አዋቂ የሚመከረው ልክ ወርዱ 60፣ ጥልቀቱ 60፣ ቁመቱ 120 ሳንቲ ሜትር ነው። የደጋዎቹ የአገራችን እስስቶች በአካል ያነሱ ቢሆኑም እኛ ይህንኑ ልክ ወስደናል፤ ቦታ በዝቶባት የተጎዳች እስስት የለችማ! ቁመቱ ከወርዱ እንዲበልጥ የተደረገው መውጣት የምትወድ በመሆኗ ነው። ማዕዘኖቹን በሞራሌ አቁመን፣ ጎኖቹንና ጣሪያውን ለዝንብ መከላከያ መስኮት ላይ በሚመታው የብረት ወንፊት ሸፈንን። የሽቦው ጫፍ ወደ ውስጥ ወጥቶ እንዳይቀር በቀጭን እንጨት መሸፈን ይገባል፤ እግር ይቧጭራል። ወለሉ ጣውላ ሆኖ ውኃ ማውረጃ ቀዳዳ ይበሳለታል፤ ከሥሩም ትሪ ይቀመጣል።

በውስጡ የጣት ያህል ውፍረት ያላቸው ቅርንጫፎች አግድምና ሰያፍ ይታሰራሉ። ጣቶቿ ሁለትና ሦስት እየሆኑ እንደ ጉጠት የተጣመሩ ስለሆነ ጨብጣ እንጂ ረግጣ አትሄድም። ቅጠል በብዛት ያስፈልጋል፤ ካልተደበቀች አትረጋጋምና። ቁልቋልና ቅንጭብ ግን ወተታቸው ጎጂ ስለሆነ አይገቡም። ሳጥኑ መሬት ላይ አይቀመጥ፤ ከላይ ወደታች የሚያያትን ሁሉ እንደ አሞራ ትፈራዋለች። የላይኛው ቅርንጫፍ ከዐይናችን ከፍ እንዲል ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጠው።

ውኃ ለመስጠት አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ሥሩን በመርፌ በስተን ጣሪያው ላይ አኖርን፤ በየጥቂት ሴኮንዱ አንድ ጠብታ ቅጠሉ ላይ ይወርዳል። ጠዋትና ማታም ቅጠሉ ይረጫል፤ በመካከሉ ግን መድረቅ አለበት፤ ሁልጊዜ የረጠበ ሳጥን የሳንባ በሽታ ያመጣል። መርጫው ፍሊት ወይም ሌላ ፀረ ተባይ ተደርጎበት የነበረ ከሆነ፣ ቢታጠብም በፍጹም አይነካ።

ብርሃንን በተመለከተ የአገራችን ሠልጣኝ ዕድለኛ ነው፤ ፈረንጅ በገንዘብ የሚገዛውን ልዩ አምፑል ፀሐይ በነጻ ትሰጠናለች። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ሳጥኑን በረንዳ ላይ ማውጣት ነው፤ ነገር ግን ግማሹ የግድ ጥላ ይሁን። በብርዳማ ቀን ባለ 40 ወይም 60 ዋት የድሮውን ክር ያለውን አምፑል ከወንፊቱ ውጭ፣ ቅርንጫፉን ከነካነው እጃችን በማይቃጠልበት ርቀት መስቀል ይቻላል። አምፑሉ ወደ ውስጥ ከገባ ቆዳዋ እስኪቃጠል ድረስ ሳትሸሽ ልትቀር ትችላለች። ሌሊት ብርሃን አያስፈልጋትም፤ ጨለማ ትፈልጋለች።

ምግቧ ፌንጣ፣ ዝንብና የእሳት እራት ነው፤ ርዝመቱ ከጭንቅላቷ ስፋት የማይበልጥ ይሁን። መድኃኒት ከተረጨበት ማሳ የመጣ ፌንጣ አይሰጣት። የእንቁላል ቅርፊት ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እስኪልም ተወቅጦ ነፍሳቱ ላይ ቢነሰነስ ለአጥንቷ ይጠቅማል። ሁለት እስስት ባንድ ሳጥን ማኖር አይቻልም፤ መተያየቱ ብቻ ያስጨንቃቸዋል። እንቁላል የምትጥል ዓይነት ከሆነች ደግሞ የምትቆፍርበት ርጥብ አሸዋ በባልዲ ይቀመጥላት፤ መጣያ ያጣች እስስት እንቁላሉ በሆዷ ቀርቶ ልትሞት ትችላለች።

አንድ ነገር እናንሳ። በቀይና በአረንጓዴ ወረቀት ላይ እያስቀመጡ «ቀለሟን ስትለውጥ ተመልከቱ» የሚባለው የክፍል ሙከራ ከንቱ ነው፤ እንስሳዋን ከማስጨነቅ በቀር ምንም አያሳይም። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. በማዳጋስካር እስስት ላይ እንዳሳዩት፣ ቀለሟ የሚለወጠው በቆዳዋ ሴሎች ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች መካከል ያለው ርቀት ሲሰፋና ሲጠብ ነው። ምክንያቱም በአብዛኛው ብርድ፣ ሙቀት፣ ፍርሃት ወይም ጠብ እንጂ ወረቀቱ አይደለም። ለኛ ግን ቀለሟ እንደ መለኪያ ያገለግላል። ጠዋት ጠቁራ ፀሐይ ብትሞቅ ደግ ነው፤ ሙቀት አግኝታም ቀኑን ሙሉ ከጠቆረች፣ ወይም በቀን ዐይኗን ከጨፈነች ግን ሳጥኑ አንድ ጉድለት አለበት ማለት ነው።

ሕጉንም አንርሳ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ሕፃኑ በቆርቆሮ ላመጣት እስስት ትክክለኛው መልስ ሳጥን መሥራት ሳይሆን፣ ተማሪዎቹን ይዞ ሄዶ ከተገኘችበት ቁጥቋጦ ላይ መመለስና እዚያው መመልከት ነው። ምላሷን ስትወረውር ማየት እንደሁ ዛፍ ላይም ይታያል።

የኛ ሳጥን በሳይንስ ክፍሉ በረንዳ ላይ ቆሟል፤ ለጊዜው ባዶ ነው። ፈቃዱ እስኪመጣ የጠብታውን ፍጥነት እየሞከርን፣ ጥላው በየሰዓቱ የት እንደሚደርስም በጠመኔ ምልክት እያደረግን ነው። የበሩ ማጠፊያ ገና በደንብ አልጠበቀምና መዶሻ መያዝ የሚችል ሠልጣኝ ካለ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ብቅ ይበል።