ብርቅዬ አራዊትን በግቢ ማራባት፦ የቻይና ፓንዳዎችና የስድስት ኪሎ አንበሶች ተሞክሮ

ብርቅዬ አራዊትን በግቢ ጠብቆ ለማቆየት ከመኖና ከሕክምና በተጨማሪ በዕቅድ የሚመራ የዘር አያያዝ እንደሚያስፈልግ የቻይና ፓንዳዎችና የአዲስ አበባ አንበሶች ታሪክ ያመለክታል።

ሴት ፓንዳ የድራት ወቅቷ በዓመት አንድ ጊዜ ሲሆን፣ ልትፀንስ የምትችልበት ጊዜም ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ብቻ ነው። በዱር ወንዶቹ በሽታ ተመርተው ይሰበሰባሉ፤ ለሴቷም ይፎካከራሉ። ተነጥሎ በግቢ ያደገ ወንድ ግን ይህን ልማድ ሳይማር ስለሚያድግ ብዙውን ጊዜ ሴቷን ችላ ይላታል ወይም ይጣላታል።

ችግሩን ለማቃለል ባለሙያዎች ፓንዳዎቹን ከአንዱ አጥር ወደ ሌላው በማዘዋወር አንዱ የሌላውን ሽታ እንዲለምድ ያደርጋሉ፤ በሰው ሠራሽ ዘዴም ያዳቅላሉ። እናቲቱ መንታ ስትወልድ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ብቻ ስለምታሳድግ ግልገሎቹን በየተራ ያቀርቡላታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነ ጥናትም እርስ በርስ የተፈላለጉ ጥንዶች ይበልጥ እንደሚዋለዱ አረጋግጧል።

እ.ኤ.አ. በ1987 በ6 ፓንዳዎች የተመሠረተው የቼንግዱ ማዕከል ዛሬ ቁጥራቸውን ከ200 በላይ አድርሷል። የቅርብ ዘመዳሞች እንዳይዳቀሉም የእያንዳንዱ ወላጆች በትውልድ መዝገብ ይያዛሉ፤ ጥንዶችም መዝገቡን መሠረት በማድረግ ይመረጣሉ።

የአዲስ አበባ አንበሶች አጀማመር ከዚህ ጋር ይቀራረባል። በስድስት ኪሎ የሚገኘው አንበሳ ግቢ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1948 የተቋቋመ ሲሆን፣ የዘሩ መነሻ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እንደመጡ የሚነገርላቸው 5 ወንዶችና 2 ሴቶች ነበሩ።

የአንበሶቹ ችግር ግን የፓንዳው ተቃራኒ ነው። ሴት አንበሳ ዓመቱን ሙሉ ለድራት ልትደርስ ትችላለች፤ 110 ቀን ያህል አርግዛም ብዙ ደቦሎችን በአንድ ጊዜ ትወልዳለች። እ.ኤ.አ. በ2006 የግቢው ኃላፊዎች በቦታና በገንዘብ እጥረት ምክንያት ደቦሎችን ለመግደል መገደዳቸውን ለመገናኛ ብዙኃን ገልጸው ነበር።

ከ6 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ በ15 የግቢው አንበሶች ላይ የተካሄደ የዘረመል ጥናት ይፋ ሆነ። ጥናቱ ጥቁር ጎፈሬ ያላቸው እነዚህ አንበሶች እስከዚያ ከተጠኑት የአፍሪካ አንበሶች በዘር እንደሚለዩ አረጋገጠ፤ በዕቅድ የመራባት መርሐ ግብር እንዲዘጋጅላቸውም አሳሰበ። ቦታ ያልተገኘላቸው ደቦሎች የዚህ የተለየ ዘር አካል እንደነበሩ የታወቀው በዚህ ጊዜ ነው።

ስለዚህ መራባትን መግታትም ሆነ ማበረታታት በአንድ መዝገብ ላይ የተመሠረተ ሊሆን ይገባል። የእያንዳንዱ አንበሳ ወላጆች በዘረመል ምርመራ ከታወቁ፣ ዘመዳሞቹን መለየት፣ ከሚገኘው ቦታ በላይ እንዳይወለድም ሴቶቹን ለጊዜው ከወንዶቹ ማራቅ ወይም የእርግዝና መከላከያ መስጠት ይቻላል። ከ7 አንበሶች የተገኘ ዘር ባለበት ጥራት ለመጪው ትውልድ የሚተላለፈውም በዚህ መንገድ ነው።