ለድመት መኝታና መጫወቻ በኪሮሽ ስለ መሥራት

በከተማችን በከሚሴ ወደ አንድ ቤት እንግዳ ሆኖ የገባ ሰው አስቀድሞ ዓይኑ የሚያርፈው በኪሮሽ ሥራ ላይ ነው። የጠረጴዛው ልብስ ኪሮሽ ነው፤ የሶፋው መደገፊያ ኪሮሽ ለብሷል፤ ቴሌቪዥኑም እንደ ሙሽራ ዳንቴል ተከናንቦ ይቀመጣል። ይህን ሁሉ የሠሩት እናቶቻችንና እኅቶቻችን ናቸው። በዚያው ቤት ጥግ ግን ድመቲቱ በባዶ መሬት ላይ፣ ሲሆንላትም ሰው በዘነጋው ነጠላ ላይ ተጠቅልላ ትተኛለች። ብርድ ለማያውቀው ቴሌቪዥን ልብስ ሲሠራ ለድመቲቱ መኝታ ይሠራላት ብሎ ያሰበ እምብዛም የለም። እኔ ላለፉት ሁለት ዓመታት በትርፍ ጊዜዬ የምሠራው ይህንኑ ስለሆነ፣ አሠራሩን ለመጽሔታችን አንባቢያን እንድገልጽ በተጠየቅሁት መሠረት የማውቀውን ከዚህ ቀጥሎ እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ ወላጆች የሚያነሡትን ጥያቄ ልመልስ። አባቴ የመጀመሪያውን መኝታ ባየ ጊዜ «ሰው አልጋ ባጣበት አገር ለድመት አልጋ!» ብሎ ሥቋል። ነገሩ እውነትነት የሌለው አይደለም። ይሁን እንጂ በእኛ አካባቢ ድመት የቅንጦት እንስሳ አይደለችም። በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ገበሬው ማሽላና ጤፍ ያመርታል፤ ያመረተውንም በጎተራ ወይም በጉድጓድ ያኖራል። ማሽላ ባለበት አይጥ አይጠፋም። አይጥን በመርዝ እናጥፋ ቢባል የተመረዘችውን አይጥ የበላች ድመት አብራ ልትሞት ትችላለች፤ ከዚያ በኋላ የተረፉት አይጦች ያለ ከልካይ ይራባሉ። በኦሮምኛ አዱሬ የምትባለው ይህች እንስሳ እንግዲህ ደመወዝ የማትቀበል የጎተራ ዘበኛ ናት። በእስልምናም ዘንድ የተከበረች ስትሆን፣ የነቢዩ ባልደረባ የነበሩት አቡ ሁረይራ ይህን ቅጽል ስም ያገኙት ድመት ይወዱ ስለነበር ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ግን ቁንጫ ነው። ቁንጫ እንቁላሉን የሚጥለው በድመቷ ጠጉር ውስጥ ነው፤ እንቁላሉ ግን ስለማይጣበቅ ድመቷ በተኛችበት ቦታ ሁሉ ይረግፋል፤ የሚፈለፈለውም እዚያው ነው። ድመቷ አንድ ቀን በፍራሽ፣ አንድ ቀን በሕፃን መታቀፊያ፣ አንድ ቀን በነጠላ ላይ የምታድር ከሆነ የቁንጫው ዘር በቤቱ ሁሉ ይሠራጫል። የራሷ መኝታ ሲኖራት ግን አብዛኛው በአንድ ቦታ ይከማቻል፤ እርሱን በፈላ ውሃ ማጠብ ይቻላል። ስለዚህ መኝታው ለድመቷ ይሠራ እንጂ ጥቅሙ ለቤተ ሰቡ ነው። አባቴም ይህን ከሰማ በኋላ መሣቁን ትቷል።

ኪሮሽ የሚለው ቃል የመጣው ከፈረንሳይኛ ሲሆን ትርጉሙ ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። ብዙ ሰው ኪሮሽንና ሹራብን አንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ ነገር ግን ልዩነታቸው ትልቅ ነው። ሹራብ በሁለት መርፌ ሲሠራ የረድፉ ቀለበቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ በመርፌው ላይ ተደርድረው ይቆያሉ፤ አንዱ ካመለጠ ከሥሩ ያለው እንደ መሰላል ወደ ታች ይተረተራል። ኪሮሽ ግን በአንድ መንጠቆ ስለሚሠራ በማንኛውም ጊዜ ክፍት ሆኖ የሚቆየው ቀለበት አንድ ብቻ ነው፤ የቀሩት ተቋጥረው አልፈዋል። ድመት ጥፍሯን በመኝታዋ ላይ ሳትስል እንደማታድር የታወቀ ነው። ሹራብ ለዚህ ጥፍር አይበረክትም፤ ኪሮሽ ይበረክታል። ጫፉ በደንብ ካልተደበቀ ግን ኪሮሽም ከመጨረሻው ጀምሮ እስከ መጀመሪያው እንደሚተረተር መዘንጋት አይገባም።

ለመሥሪያ የሚሆነውን ክር በተመለከተ የከሚሴን አየር ማሰብ ያስፈልጋል። እዚህ በቦርከና ሸለቆ ሙቀት ስለሚበዛ የሱፍ ክር ለድመት ይሞቃታል፤ በተጨማሪም ሱፍ በፈላ ውሃ ሲታጠብ ይጨማደዳል። ጥጥ ግን ቢፈላም አይከፋም። ሆኖም ለዳንቴል የሚሆነው ቀጭን የጥጥ ክር ለመኝታ ቢውል ሥራው ዓመት ይፈጃል፤ ዋጋውም አይቀመስም። እኔ የምጠቀመው በሰልባጅ ቲሸርት ነው። የባቲን የሰኞ ገበያ ወይም የሰንበቴን የእሑድ ገበያ የጎበኘ ሁሉ ያረጀ ልብስ እንዴት እንደሚከመር አይቷል፤ በየቤታችንም ወለል ከመጥረግ በስተቀር ሥራ የሌለው ቲሸርት ሞልቷል። ከብብቱ በታች ያለውን ክፍል ወስዶ፣ ብርቱካን እንደሚላጥ ሳያቋርጡ እየዞሩ በሁለት ጣት ስፋት መቁረጥ ነው። ከዚያ ሳብ ሲያደርጉት ጠርዙ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ወፍራም ክር ይሆናል። አምስት ወይም ስድስት ትልልቅ ቲሸርቶች ለአንድ መኝታ ይበቃሉ። በገበያ የሚገኘው የብረት ኪሮሽ ለዚህ በጣም ስለሚቀጥን፣ አውራ ጣት የሚያህል መንጠቆ ከወይራ እንጨት ማስጠረብና በመስታወት ስባሪ በጥንቃቄ ማለስለስ ይገባል። የእኔን የጠረቡልኝ ሁለት የክፍሌ ወንዶች ልጆች ናቸው። በመጀመሪያ «ይህ የሴት ሥራ ነው» እያሉ ሲያፌዙ ቆይተው፣ በአገራችን ሸማኔው ወንድ መሆኑን፣ እርሱም ቀኑን ሙሉ ከክር ጋር ሲታገል እንደሚውል ባስታወስኋቸው ጊዜ ዝም አሉ፤ በኋላም አንደኛው አሠራሩን አሳዪኝ ብሎ መጣ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ስፌት የምትሰፋ ሴት ሰፌድ ስትጀምር ከመካከሉ ትነሣለች፤ ስንደዶውን በአክርማ እየጠቀለለች፣ በወስፌ እየወጋች፣ ዙር በዙር ላይ ታስከትላለች። የድመት መኝታም የሚሠራው በዚሁ ሥርዓት ነው። አያቴ ኪሮሽ ይዛ ባታውቅም ሥራዬን ስታይ ወዲያው የገባት ስለዚህ ነው። መንጠቆው ክሩን አንድ ጊዜ አስገብቶ፣ ስቦ፣ ደግሞም አሳልፎ የሚሠራውን አንዱን ዓይነት እኔ በዚህ ጽሑፍ ቋጠሮ እለዋለሁ። በመጀመሪያው ዙር በአንዲት ትንሽ ቀለበት ውስጥ 6 ቋጠሮ ይሠራል። በሁለተኛው ዙር በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት ሲሠራ 12 ይሆናል። በሦስተኛው ዙር አንዱን ነጠላ ቀጣዩን ድርብ በማድረግ 18፣ በአራተኛው ሁለት ነጠላ አንድ ድርብ በማድረግ 24፤ እንዲህ እያለ በየዙሩ ስድስት ስድስት ይጨመራል።

ለምን አምስት ወይም ስምንት ሳይሆን ስድስት ሆነ? ይህን ጥያቄ ኪሮሽ ለሚሠሩ ብዙ ሴቶች አቅርቤላቸው «እንዲሁ ነው የተማርነው» የሚል መልስ ሰጥተውኛል። መልሱን ያገኘሁት በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው። የክብ ዙሪያ የሬዲየሱ 6.28 እጥፍ፣ ማለት ሁለት ጊዜ ፓይ ነው። አንድ ዙር በሠራን ቁጥር ሬዲየሱ በአንድ ቋጠሮ ቁመት ያድጋል፤ ስለዚህ ዙሪያው የዚያን ቁመት 6.28 እጥፍ ማደግ አለበት። ቋጠሯችን ቁመቱና ስፋቱ ተቀራራቢ ስለሆነ፣ በየዙሩ የሚያስፈልገው ጭማሪ ስድስት ቋጠሮ ያህል ነው ማለት ነው። ቁመቱ እጥፍ የሆነ ረጅም ቋጠሮ የሚሠራ ሰው 12 መጨመር አለበት። ከዚህ ያነሰ ቢጨመር ሥራው ወደ ላይ እየታጠፈ እንደ ቆብ ይሆናል፤ ከዚህ ቢበዛ ደግሞ ጠርዙ እንደ ጎመን ቅጠል ይጨማደዳል። በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩ ዳይና ታይሚና የተባሉ የላትቪያ ተወላጅ የሒሳብ ሊቅ ይህንኑ መጨማደድ ሆን ብለው በመጠቀም፣ በ1997 እ.ኤ.አ. ሃይፐርቦሊክ የሚባለውን የጂኦሜትሪ ገጽታ ተማሪ በእጁ ሊዳስሰው እንዲችል አድርገው በኪሮሽ ሠርተዋል። ከዚያ በፊት ይህ ገጽታ ይሠራ የነበረው ቶሎ በሚቀደድ ወረቀት ነበር። ኪሮሽ ዕውቀት የማይጠይቅ የሥራ ፈት ሥራ ነው የሚል ሰው ካለ ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

በቲሸርት ክር ሲሠራ 12ኛው ዙር ላይ 72 ቋጠሮ ይደረሳል፤ ስፋቱም 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ ለአንዲት ድመት በቂ ነው። ከዚያ በኋላ ምንም ሳይጨምሩ ስድስት ዙር ሲሠሩ ሥራው በራሱ ወደ ላይ ይቆምና ግድግዳ ይሆናል። ድመት ጀርባዋን የምታስደግፍበት ነገር ስለምትወድ ግድግዳውን መተው አይገባም። ከሥሩ የጤፍ ጭድ የተሞላ ትንሽ ከረጢት ማንጠፍ ይቻላል፤ ቁንጫ በታየ ጊዜ ጭዱን አውጥቶ አቃጥሎ በአዲስ መተካት ነው። መኝታው በየሳምንቱ ታጥቦ በፀሐይ ይሰጣ። ቦታውን በሚመለከት ግን ከድመት ጋር መከራከር ከንቱ ነው፤ ቀድሞ ከለመደችው ጥግ ካልተቀመጠላት አትተኛበትም። እምቢ ካለችም ካርቶን ፈልጎ መኝታውን በካርቶኑ ውስጥ ማግባት ነው። ካርቶን የምትጠላ ድመት እስካሁን አላጋጠመችኝም።

ስለ መጫወቻ የምጽፈውን በጥሞና እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም እንደሚባለው፣ ጠግባ የምታድር ድመት እንኳ አደን አትተውም። ሳይንቲስቶች በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የዘር ጥናት የዓለም የቤት ድመቶች ሁሉ የሚወለዱት በመካከለኛው ምሥራቅ ከሚኖር የዱር ድመት መሆኑን አረጋግጠዋል፤ ወደ ሰውም የተጠጋችው እህል ሲከማችና አይጥ ሲበዛ ነው ተብሎ ይታመናል። ጨዋታዋ ሁሉ እንግዲህ የአደን ልምምድ ነው፤ ለግልገል ድመትም ትምህርት ቤቷ ነው። መጫወቻው አይጥ የሚያህል፣ በአንድ እጅ የሚጨበጥ ቢሆን ይበቃል። አሠራሩም ያው የስድስቱ ሕግ ነው፤ በ6 ተጀምሮ እስከ 18 ይጨመርና ጥቂት ዙር ሳይጨመር ይሠራል፤ ከዚያ በየዙሩ ስድስት ስድስት እየተቀነሰ ይዘጋል። ጃፓኖች አሚጉሩሚ የሚሏቸው በዓለም የታወቁ ትንንሽ የኪሮሽ አሻንጉሊቶች በዚሁ ዘዴ የሚሠሩ ናቸው።

አደጋው ያለው በክሩ ላይ ነው። በየሥዕሉ ላይ ድመት ከክር ልቃቂት ጋር ስትጫወት እናያለን፤ እጅግም ያምራል። ነገር ግን የድመት ምላስ እንደ ሞረድ ሻካራ ሲሆን፣ በላዩ ያሉት ጥቃቅን እሾሆች ሁሉ ወደ ጉሮሮዋ ያዘነበሉ ናቸው። ስለዚህ አፏ የገባውን ክር ልትተፋው ብትፈልግም ምላሷ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። የክሩ አንድ ጫፍ በምላሷ ሥር ወይም በጨጓራዋ ተይዞ ሌላው ወደ አንጀት ሲወርድ፣ አንጀቷ በክሩ ላይ እንደ ሱሪ መታጠቂያ ይሰበሰባል፤ ክሩም እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል። በሠፈራችን ባለፈው ዓመት አንዲት ግልገል ድመት የሞተችው በዚህ ዓይነት ነው። ከሦስት ቀን በላይ ስታስመልስና ምግብ እምቢ ስትል ቆይታ ነበር፤ ምክንያቱ የታወቀው ግን የእንስሳት ሐኪም ካያት በኋላ ነው። ከአፏም ሆነ ከኋላዋ ክር ብቅ ብሎ ቢታይ በፍጹም መሳብ አይገባም፤ የሚቆረጠው አንጀቷ ነውና። ሳይነኩ ወደ ሐኪም መውሰድ ብቻ ነው።

ስለዚህ በእኔ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ክር፣ ዘርፍም ሆነ ጉትያ አይታይም። የአይጧ ጅራት እንኳ በኪሮሽ የተሠራ፣ ከጣት የማይረዝም ወፍራም ነው። ዓይን ብዬ ቁልፍ ወይም ዶቃ አልሰፋም፤ ድመቷ የአይጧን ውበት አትመረምርም። ቋጠሮው ጣት የማያስገባ ጠባብ መሆን አለበት፤ ሆዱም የሚሞላው በጨርቅ ቁራጭ ነው። የመጨረሻው ጫፍ በመርፌ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ እንደገናም ወደ ፊት ሦስት ጊዜ ይደበቃል። መጫወቻው በጥፍር መበጠስ ሲጀምር ይጣል፤ ልቃቂቱም ሥራ ሲያበቃ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ይግባ። እኅቶቼ ሆይ፣ ይህ ለዳንቴል ክራችሁም ጭምር ነው።

ውሻን በተመለከተ የምለው ጥቂት ነው። ውሻ ያገኘውን ሁሉ ስለሚያኝክ ጨርቅ የተሞላ መጫወቻ አይሰጠውም፤ ለእርሱ የሚሻለው የቲሸርቱን ክር ሦስት ሦስት አድርጎ አጥብቆ መጎንጎንና ጫፍና ጫፉን መቋጠር ነው። ለመኝታውም ግድግዳ የሌለው ምንጣፍ ይበቃዋል፤ በ20ኛው ዙር 120 ቋጠሮ ሲደርስ ለአንድ የጓሮ ውሻ ይሆናል። ምንጣፉ ከመሠራቱ በፊት ግን ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይከተብ። ክትባቱ በየጊዜው የሚታደስ ስለሆነ፣ እኔ የተከተበበትን ቀን የምጽፍበት ትንሽ ጨርቅ በምንጣፉ ጠርዝ ላይ እሰፋለሁ።