ከዕዳ የነጻ ቤት፦ ማዕዳችን፣ ጓሮአችንና የኮንዶሚኒየሙ ብድር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እያለቀሰች ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ የመጣችውን መበለት ታሪክ አብዛኞቻችን እናውቀዋለን (2ኛ ነገ. 4፥1-7)። ባልዋ ከነቢያት ልጆች አንዱ፣ እግዚአብሔርንም የሚፈራ ሰው ነበር። ሲሞት ግን ዕዳ ትቶ ሞተ። አበዳሪው ሁለቱን ልጆችዋን ባሪያ አድርጎ ሊወስዳቸው ደረሰ። ነቢዩ አስቀድሞ የጠየቃት በቤትዋ ያላትን ነው። የነበራት አንድ ማሰሮ ዘይት ብቻ ነበር። እርሱ በእግዚአብሔር ቸርነት ከበዛ በኋላ ነቢዩ የሰጣትን ትእዛዝ ቅደም ተከተል ልብ ልንለው ይገባል። በመጀመሪያ እንድትሸጥ፣ ቀጥሎ ዕዳዋን እንድትከፍል፣ ከዚያም በተረፈው ከልጆችዋ ጋር እንድትኖር አዘዛት። ተአምሩ ዕዳውን አልሰረዘላትም፤ የምትከፍልበትን ሰጣት እንጂ።

ይህን ጽሑፍ የምናዘጋጀው በመርካቶ አጠገብ ካለችው ከአብነት ሰፈር ሆነን ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ላለፈ ሰው «አብነት» የሚለው ቃል ከሰፈር ስምነቱ በፊት የሚያስታውሰው የኔታን፣ የሣር ጎጆውንና የቆሎ ተማሪውን ነው። የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለምኖ ያገኛትን ቁራሽ በፀሐይ አድርቆ ድርቆሽ ያደርጋታል፤ ለነገም ያኖራታል። ቁጠባን በቃል ከመማራችን በፊት በአኮፋዳ ተምረነዋል ብንል ማጋነን አይሆንብንም። የዛሬው የአብነት ሰው ጥያቄ ግን ከቁራሽ ያለፈ ነው። ብዙዎቹ የሰፈራችን ልጆች በ1997 ወይም በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበው፣ ዓመታት ቆጥበው፣ ዕጣ ደርሷቸው ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ አራብሳና ወደ ኮዬ ፈጬ ሄደዋል። ቁልፉን ሲቀበሉ እልል ተብሏል። ከእልልታው በኋላ ግን የሃያ ዓመት ዕዳ አብሮ ወደ ቤት ገብቷል።

በቅርቡ በሰንበት ትምህርት ቤት አብረውን ያደጉ አንዲት እኅት ከቅዳሴ በኋላ ያነሡልን ጥያቄ ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት ሆኗል። የቤቱ ክፍያ ሦስት ወር ተወዝፎባቸዋል፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ደርሷቸዋል። በዚሁ መካከል ባለቤታቸው ለሟች አባታቸው የሰማንያ ቀን ተዝካር ድንኳን ተክለው፣ በሬ ጥለው ለማብላት ሌላ ብድር ሊወስዱ አስበዋል። «ተዉ ብላቸው ነፍስ የረሳሁ እመስላለሁ፤ ዝም ብል ልጆቼ ጎዳና ይወጡብኛል» አሉን። የተዝካሩን ነገር ወደ ኋላ እንመለስበታለን፤ አስቀድመን ዕዳው ራሱ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት።

የሃያ ሰማንያ ፕሮግራም ማለት ቤተኛው ከቤቱ ዋጋ ሃያ በመቶውን አስቀድሞ ከፍሎ ሰማንያ በመቶውን ከባንክ በብድር የሚሸፍንበት ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው የወለዱን አካሄድ ነው። ለምሳሌ ያህል 300,000 ብር በዓመት 10 በመቶ ወለድ፣ በየወሩ እኩል እየተከፈለ በ20 ዓመት የሚያልቅ ብድር እንውሰድ። የወሩ ክፍያ 2,895 ብር ገደማ ይሆናል። በመጀመሪያው ወር ከዚህ ውስጥ 2,500 ብሩ ወለድ ነው፤ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 395 ብር ብቻ ነው። በዚህ መልኩ ሃያ ዓመት ሲሞላ የተበደርነው ሦስት መቶ ሺህ፣ የከፈልነው ግን ወደ 695 ሺህ ብር ይሆናል።

አሁን ያው ቤተሰብ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በየወሩ 1,000 ብር ቢጨምርስ? ወለድ የሚሰላው በቀረው ዋና ዕዳ ላይ ስለሆነ የተጨመረው ብር በሙሉ ዋናውን ይቀንሳል። ዕዳው በሃያ ዓመት መሆኑ ቀርቶ በዐሥር ዓመት ከአራት ወር ገደማ ያልቃል፤ ለወለድ ይወጣ የነበረ ከ210 ሺህ ብር በላይም በቤት ይቀራል። ዕቁብ ለሚጥሉ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። የመርካቶ ሰው ዕቁብን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ዕቁቡ ሲደርስ ሶፋ ከመቀየር ይልቅ በአንድ ጊዜ ከዋናው ዕዳ ላይ መቀነስ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ይሁን እንጂ ገንዘቡን ወደ ሒሳቡ ማስገባት ብቻውን አይበቃም። ተጨማሪው ክፍያ የወደፊት ወራት ቅድመ ክፍያ ሆኖ እንዳይያዝ፣ ከዋናው ዕዳ እንዲቀነስ በጽሑፍ ማመልከት፣ የቀረውንም ዕዳ የሚያሳይ ማስረጃ መቀበል ያስፈልጋል። አስቀድሞ ለሚከፍል የተለየ ደንብ መኖር አለመኖሩ በብድር ውሉ ላይ ስለሚገኝ ውሉን አውጥቶ ማንበብ ይገባል። ውዝፍ ያለበት ሰው ግን ከሁሉ በፊት ወደ ባንኩ ሄዶ ይነጋገር፤ ደብዳቤን በመሳቢያ መደበቅ ዕዳን አያሳንሰውም።

አንዳንድ ምእመናን ከባንክ በወለድ መበደር ኃጢአት እንደ ሆነ ይጠይቁናል። መጽሐፍ ቅዱስ በድኻው ላይ አራጣ የሚጭነውን ይነቅፋል (ዘፀ. 22፥25፤ መዝ. 14፥5)። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምዕትም ካህናት በወለድ እንዳያበድሩ በቀኖና ከልክለዋል። ፍርዱ በድኻው ችግር በሚነግደው ላይ ነው፤ ለልጆቹ ጣራ ፈልጎ የተበደረውን ሰው በደለኛ የሚያደርገው አይደለም። ቢሆንም የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ ይህንኑ መዝሙር ሲተረጉም ለተበዳሪውም ምክር አለው። ጉንዳንና ንብ ሳይለምኑና ሳይበደሩ እንደሚኖሩ አስታውሶ፣ ሰው የሌላውን በር ከማንኳኳቱ በፊት በቤቱ ያለውን ዕቃ እንዲመለከት ያሳስበዋል።

ታዲያ አንድ ሺሁ ብር ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ ቤተ ክርስቲያናችን ለልጆችዋ የሰጠችው ሥርዓት ብዙ ሳናስተውለው የኖርን ሀብት ነው። በዓመት ውስጥ ምእመናን የሚጾሟቸው ቀናት ከግማሽ ዓመት አያንሱም። ጾም ለነፍስ የታዘዘ ነው፤ ወጪን ለመቀነስ የተሠራ አይደለም። ነገር ግን ጾመኛ ቤት በእውነት ከጾመ ወጪው መቀነሱ የግድ ነው። ካልቀነሰ የጾም ምግብ የተባለውን ነገር መመርመር አለብን። የጾም ኬክ፣ የጾም ፒዛ፣ በዐቢይ ጾም ዓሣ ቤት ደጃፍ ተሰልፎ መዋል (የዓሣውን ክርክር ለጊዜው እንተወው) ከሥጋው የበለጠ የሚያስወጣ ከሆነ ከጾም የቀረልን ስሙ ብቻ ነው። ሄርማ ኖላዊ በተባለው ጥንታዊና ወደ ግእዝም በተተረጎመው መጽሐፍ፣ በአምስተኛው ምሳሌ፣ የሚጾም ሰው በዚያ ቀን ሊበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስልቶ ለመበለት ወይም ለድኻ አደግ እንዲሰጥ ተነግሮታል። አባቶች ጾምን በሒሳብ ጭምር ያውቁት ነበር ማለት ነው።

ከማዕዱ ሳንርቅ፣ ጥቂት ጎረቤቶች ሆነው ጤፉን አዲሱ እህል በሚገባበት በታኅሣሥና በጥር ከእህል በረንዳ በኩንታል ገዝተው ቢከፋፈሉ፣ ሽሮውንና በርበሬውን በበጋ አዘጋጅተው ቢያኖሩ፣ በየሳምንቱ በኪሎ ከመግዛት ይሻላል። ለበዓል ቅርጫ የምንገባው ለብቻ በሬ መግዛት ስለማንችል እንደ ሆነ እናስታውስ፤ ያው ጥበብ ለጤፍም ይሠራል። ጌታችን አምስት እንጀራ አበርክቶ ካበላ በኋላ እንኳ የተረፈው ቍርስራሽ እንዲሰበሰብ አዝዟል (ዮሐ. 6፥12)። የደረቀ እንጀራ በቆሻሻ ገንዳ ሲጣል ስናይ የሚሰማን ሐዘን ከዚህ የመነጨ ነው።

የጓሮ አትክልትም ከዚሁ ይገባል። ኮንዶሚኒየም ላይ ጓሮ የት አለ የሚል ይኖራል። ምን አለሽ ተራ ገብቶ የተቆረጠ ጀሪካንና ያረጀ የማዳበሪያ ከረጢት ያላየ የአብነት ልጅ የለም። ከረጢቱ አፈርና በደንብ የበሰበሰ ፍግ ተሞልቶ፣ ጎኑ በየቦታው ተበስቶ፣ ከላይም ከጎንም ችግኝ ቢተከልበት ፀሐይ በሚያገኝ በረንዳ ላይ ይበቅላል። ጎመንና ቆስጣ ለዚህ የተመቹ ናቸው፤ የታችኛው ቅጠል ብቻ እየተቀነጠሰ ከተወሰደ ተክሉ ለወራት ይመግባል። ሰላጣ ቶሎ ይደርሳል። ጤና አዳም፣ በሶብላና ድንብላል ለትንሽ ጣሳም ይበቃሉ። ውኃው በፈረቃ ስለሚመጣ ምስርና አትክልት የታጠበበትን፣ ሳሙና ያልነካውን ውኃ ማጠጣት ይቻላል። የሽንኩርትና የድንች ልጣጩም በጀሪካን ተጠራቅሞ ሲበሰብስ አፈር ይሆናል። አንድ ነገር ግን አደራ እንላለን፦ ከከረጢቱ ሥር ሳፋ ይቀመጥ። ከታች ፎቅ ባለች ጎረቤት ልብስ ላይ ጭቃ እያንጠባጠቡ ጎመን ማብቀል ጸብ ማብቀል ነው።

ይህ ጎመን ብቻውን የቤት ዕዳ አይከፍልም። ይከፍላል ብለን ብንጽፍ አንባብያንን ማታለል ይሆንብናል። የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው። ልጆች ወጥ ከገበያ ብቻ እንደማይመጣ ያያሉ፤ በረቡዕና በዓርብ የሚበላው ከደጅ ይቆረጣል፤ ለጎረቤትም የሚዘረጋ ነገር ይገኛል። ቅዱስ አትናቴዎስ በጻፈው የአባ እንጦንስ ገድል እንደ ተመዘገበው፣ አባ እንጦንስ በበረሃ ሳለ ወንድሞች እንጀራ እያመላለሱ ሲደክሙ አይቶ መቆፈሪያ፣ መጥረቢያና ጥቂት እህል እንዲያመጡለት ለመነ። ዘርቶም እንጀራውን አገኘ፤ ለማንም ሸክም ባለመሆኑም ደስ አለው። ከዚያ በኋላ አትክልት የተከለው ደክመው ለሚመጡ እንግዶች ነበር።

ወደ እኅታችን ጥያቄ እንመለስ። ቤተ ክርስቲያን ለሙታን ጸሎተ ፍትሐትን፣ ቅዳሴንና ምጽዋትን አዝዛለች። በአርባና በሰማንያ ቀን ነዳያንን ማብላት መልካም ነው። ድንኳኑ፣ በሬውና ጠግቦ የመጣው ወዳጅ ዘመድ ግን የእኛ ጭማሪ ነው። ጻድቁ ጦቢት ለልጁ ያስተማረው ምጽዋትን እንዳለው መጠን እንዲሰጥ ነው፤ ጥቂት ያለው ከጥቂቱ (ጦቢት 4፥8)። የልጅ ልጆቹን ቤት ለሐራጅ አጋልጦ የሚደገስ ድግስ የሟቹን ነፍስ እንዴት ያሳርፋታል? ባለቤታቸውን ወደ ንስሐ አባታቸው ይዘዋቸው እንዲሄዱ መከርናቸው። ሄዱም። ተዝካሩ በቅዳሴና በደጀ ሰላም ለተቀመጡ ነዳያን በተዘጋጀ ዳቦና ንፍሮ ተፈጸመ። ዘመድ አልተናገረም ብንል ውሸት ነው፤ ተናግሯል። ለድግሱ ታስቦ የነበረው የዕድር ጓደኞች መዋጮ ግን ሁለቱን ወር ውዝፍ ዘግቷል።

ሌላው የሚጠየቀው የአሥራት ነገር ነው። ዕዳውን ቶሎ ለመጨረስ አሥራትን ለጊዜው ማቆም የሚሹ አሉ። እኛ የምንመክረው የተጨማሪውን ክፍያ መጠን ዝቅ ማድረግን ነው። ከዐሥር ዓመቱ ዐሥራ ሁለት ቢሆን አንጎዳም። የቤት ሠራተኛዋን ደመወዝ አቆይቶ፣ እንግዳን ሸሽቶ፣ የታመመ ጎረቤትን ሳይጠይቁ የሚጠራቀም ብርም ቁጠባ አይባልም፤ ጎተራውን አፍርሶ ሊያሰፋ ያሰበው ባለጸጋ እንዲህ ያለ ሰው ነበር (ሉቃ. 12፥16-21)።

የመጨረሻው ክፍያ ሲፈጸም የሚረሳ ነገር አለ። ዕዳው ማለቁን የሚገልጽ ደብዳቤ ከባንኩ መቀበል፣ በቤቱ ካርታ ላይ የነበረው ዕገዳም እንዲነሣ ማድረግ ይገባል። ይህን ሳያደርጉ የቤቱ ባለቤት ቢያርፉ፣ ለወራሾች የሚተርፈው የተከፈለ ዕዳና ያልተዘጋ መዝገብ ነው። ወረቀቶቹን ከክርስትናና ከጋብቻ ምስክር ወረቀት ጋር በአንድ ቦታ አኑሩ፤ ቦታውንም ለትዳር አጋራችሁ ንገሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።