የሕፃን መቀመጫ ለምን ይላጣል?

ክረምት ሲገባ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች አማኑኤል፣ ቢቸናና ሞጣ ፀሐይ ይናፍቃሉ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የታጠበ የሕፃን ጨርቅ ቀኑን ሙሉ ተሰጥቶም ላይደርቅ ይችላል። እናት ምድጃ ዳር ዘርግታ ጭስ እየጠጣ ታደርቀዋለች፤ ቅያሪ ያጣች ደግሞ ርጥበቱ ሳይለቀው መልሳ ታስረዋለች። ሕፃኑ በአንቀልባ ታዝሎ ገበያ ውሎ ሲመለስ ከሥሩ ያለው ጨርቅ እንደራሰ፣ ሙቀቱም እንደታፈነ ሰዓታት አልፈዋል። ማታ ሲፈታ መቀመጫው ቀልቷል፣ ቆዳው መላጥ ጀምሯል። ውሃ ሲነካው ይንሰቀሰቃል።

የሽንት ጨርቅ ወይም የዳይፐር ሽፍታ ሕይወት የሚነጥቅ ሕመም ስላልሆነ ብዙም አይወራለትም። ሆኖም ሕፃኑን እንቅልፍ ይነሣል፣ እናቱንም ያሳቅቃል። የተላጠ ቆዳ ደግሞ ለሌላ ተዋህስ በር ይከፍታል። የሚያስቆጨው፣ መከላከያው ቀላል ሆኖ ሳለ ምክሩ በጊዜው ለእናቶች አለመድረሱ ነው።

ከሽንቱ ብቻ አይደለም

በ1921 እ.ኤ.አ. ኩክ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በሰገራ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ሽንትን ወደ አሞኒያ እንደሚቀይር ጻፈ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ጥፋቱ ሁሉ በአሞኒያ ላይ ተላከከ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የተደረጉ ምርምሮች ግን አሞኒያ ብቻውን ጤነኛ ቆዳን እንደማያቆስል አሳዩ። ሽንት የቆዳውን ተፈጥሯዊ አሲድነት ይቀንሳል፤ በዚህ ጊዜ በሰገራ ውስጥ ያሉት ምግብ ፈጪ ኢንዛይሞች ጉልበት ያገኙና ቆዳውን ይበሉታል። የራሰ ቆዳ ደግሞ በጨርቁ መፈግፈግ ቶሎ ይላጣል። ከሁሉ የሚከፋው ሽንትና ሰገራ ተቀላቅለው ሲቆዩ ነው።

ተቅማጥ ነገሩን የሚያባብሰውም ለዚህ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 12 በመቶዎቹ ከጥናቱ በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት ተቅማጥ ይዟቸው ነበር። የጡት ወተት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ሰገራው ለቆዳ ያን ያህል አይከፋም። ሽፍታው የሚበረታው ልጁ ምግብ ከጀመረ በኋላ፣ በተለይ ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ዕድሜ ነው።

ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው መድኃኒት ማድረቅ ነው። ልጁ ሰገራ እንደወጣ ወዲያው፣ ሽንት ከሆነ ደግሞ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ጨርቁ ይቀየር። መቀመጫው ለብ ባለ ውሃ በለስላሳ ጨርቅ ይታጠብ፤ ሳይፈተግ፣ ነካ ነካ እየተደረገ ይድረቅ። ከዚያ ልጁ ለጥቂት ጊዜ ሳይታሰር ይተው። በገጠር እናቶች ሕፃኑን እግራቸው ላይ አስቀምጠው የሚያሸኑበት ልማድ ቆዳውን ከርጥበት የሚያሳርፍ ብልሃት ነውና ሊበረታታ ይገባል። ቀጥሎ ቫዝሊን ወይም ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቅባት ወፈር ተደርጎ ይቀባ። በሚቀጥለው ቅያሪ የቆሸሸው ቅባት ብቻ ይነሣ፤ የቀረውን ፍቆ ማስለቀቅ ቆዳውን መልሶ መላጥ ነው። ጨርቁ ሲታጠብ የሳሙናና የበረኪና ቅሪት እስኪለቅ ደጋግሞ ማለቅለቅ ያስፈልጋል።

ተራው ሽፍታ ጨርቁ በሚነካው ጎላ ያለ ቦታ ላይ ይወጣል፤ የብሽሽት እጥፋቶችን ብዙ ጊዜ አይነካም። ፈንገስ ሲጨመርበት ግን እጥፋቱ ውስጥ ይገባል፣ ደማቅ ቀይ ይሆናል፣ ዙሪያውን ትናንሽ ቀያይ ነጠብጣቦች ይረጫሉ። ይህ ኒስታቲን ወይም ክሎትሪማዞል የተባለ ፀረ ፈንገስ ቅባት ይፈልጋል። ሁለት ሦስት ቀን እየደረቀና እየተቀባ ካልተሻለው፣ መግል ወይም ውሃ የቋጠረ ነገር ከታየ፣ ወይም ትኩሳት ካለው ልጁ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ሁለት ነገሮች ከቤት ይራቁ። አንደኛው ፓውደር ነው፤ ብናኙ የሕፃኑን ሳንባ ይጎዳል። ሁለተኛው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛ፣ ቤታሜታዞንን የመሰለ ጠንካራ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ነው። እነዚህ ብዙ ጊዜ ከፀረ ፈንገስና ከፀረ ባክቴሪያ ጋር ተደባልቀው ይሸጣሉ፤ መቅላቱን በአንድ ሌሊት ሲያጠፉ ያስደስታሉ። ታፍኖ በታሰረ ስስ ቆዳ ላይ ሲቀቡ ግን መድኃኒቱ ወደ ሰውነት ጠልቆ ይገባል፤ ሲደጋገም ቆዳውን ያሳሳል፣ የሆርሞን ሥርዓቱንም ሊያዛባ ይችላል።

ኪስና መንገድ

ዳይፐር ርጥበትን ከቆዳ በማራቅ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ቶሎ ካልተቀየረ ጥቅሙ ይቀራል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ሲወደድ፣ አንዱን ዳይፐር ከጠዋት እስከ ማታ ማሰር የሚታይ ቁጠባ ሆነ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ የቀጠለው ግጭትም መንገድ በዘጋ ቁጥር መድኃኒት ወደ ገጠር ማድረሱን አክብዶታል። ለዚህ ነው ለምሥራቅ ጎጃም እናት መፍትሔው በብዛት ከጨርቅ መጀመር ያለበት። ንጹሕ አሮጌ ነጠላ በልኩ ተቀዶ በርከት ያለ ቅያሪ ይወጣዋል።

የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞችን ወደ ቀበሌዎች አሰማርቷል። እናቶች ልጆቻቸውን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ እንዲሁም በ9 ወር ለኩፍኝ ክትባት ይዘው ይመጣሉ። የዘጠኝ ወሩ ቀጠሮ ሽፍታው ከሚበረታበት ዕድሜ ጋር ይገጥማል። በዚያች ቀን ባለሙያዋ ጨርቁን ፈትታ መቀመጫውን ትይ፤ የማድረቅን፣ የቅባትንና የአደገኛ ምልክቶችን ነገር በአምስት ደቂቃ ለእናቲቱ ትንገራት። ተጨማሪ በጀት አይፈልግም፤ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ይህችን ምክር በክትባት ቀን ሥራቸው ውስጥ ቢያስገቡ ይበቃል።